ሹፌሩን አመስግና እኔን ረሳች

ቀናተኛ ነኝ። ይህን የምናገረው ንስሐ ለመግባት አይደለም፤ የንስሐ አባቴ ከሰሙት ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፣ ስግደት ቢያዙኝም ጾም ቢጨምሩብኝም እንደማይለቀኝ አይተው አሁን አሁን ገና ሳልጀምር «እሱን አውቀዋለሁ፣ ሌላ ካለ ንገሪኝ» ይሉኛል። የምናገረው አንባቢ ከማን ጋር እንደተቀመጠ ከጅምሩ እንዲያውቀው ነው። ጎረቤቴ አዲስ መጋረጃ የሰቀለች ቀን የኔ መጋረጃ ያረጅብኛል። እህቴ ጉልበቷን ታክማ ደረጃ መውጣት ስትጀምር፣ «ተመስገን» ካልኩ በኋላ የራሴን ጉልበት እያሸሁ ማኩረፌን አልደብቅም። ይህ ሁሉ ግን ጥቃቅኑ ነው። ትልቁ ቅናቴ ስም አለው፤ ከድጃ ይባላል።

ባለፈው ጥቅምት የእህቴ ልጅ ሰላም አንዲት ቀጭን መጽሔት ይዛ መጣች። ሰላም እዚሁ ደሴ ነርሶችን ታስተምራለች፤ ከሥራ ስትወጣ ሆጤ ካለው ቤቴ ጎራ ብላ ሻይ ሳትጠጣ አታልፍም። «እትዬ፣ ሁልጊዜ የሚያነሷት ከድጃ እኚህ ፕሮፌሰር ናቸው እንዴ? የቢስቲማ ልጅ ናቸው፣ ድሮ ኮምቦልቻ ወባ መሥሪያ ቤት ነበሩ ይላል» አለችና መጽሔቷን ጠረጴዛ ላይ አኖረችልኝ። ሽፋኑ ላይ ከድጃ አለች። ሻሿን ወደ ኋላ ጣል፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀል አድርጋ፣ ጥርሷን ሳታሳይ ያንን የድሮ ፈገግታዋን ፈገግ ብላለች። በሚቀጥለው ሳምንት ደሴ ላይ ክብር ሊሰጧት ነው፤ መጽሔቷም ለዚያ የተዘጋጀች ናት። ስለ ትውልዷ ግማሽ ገጽ፣ ስለ ትምህርቷ አንድ ገጽ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የጻፈቻቸው ጥናቶች ዝርዝር ነው። ፊደሉ ጤፍ ያክላል። ወባ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ካላዛር፣ ተስቦ፣ ኮሌራ፣ ኮሮና፤ ተላላፊ በሽታ ሆኖ እሷ ያልጻፈችበት ያለ አይመስልም። ሰላም «ይህን ሁሉ መቼ ጻፉት?» ትላለች። እኔ ግን ዝርዝሩ ከአዲሱ ወደ አሮጌው ስለሚወርድ ጣቴን በምራቄ አርሼ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ገጽ ሄድኩ። ከሁሉም ግርጌ የመጀመሪያ ጥናቷ ተቀምጧል፤ ኮምቦልቻ አካባቢ ለወባ ምርመራ በተወሰደ ደም ውስጥ ስለተገኘ የግርሻ ትኩሳት። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ቅናቴ ግን ዛሬም አዲስ ነው።

«እሷ ናት» አልኳት። «ይሄን የመጨረሻውን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ጽፋ ስም ያወጣችበት እሷ ናት እንጂ ያየሁትስ እኔ ነኝ።» ሰላም ይህን ወሬ ከጡት እኩል ያደገችበት ልጅ ስለሆነች አልተገረመችም። «ታዲያ ለምን ዝግጅቱ ላይ መጥተው አይናገሩም?» አለችኝ። እሷ እንደ ቀላል ተናግራ ሻይዋን ጠጥታ ሄደች፤ እኔ ግን መጽሔቷን ይዤ ቀረሁ።

ያን ጊዜ እኔና ከድጃ ከላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ወጥተን በአንድ ደብዳቤ ኮምቦልቻ የተመደብን ሁለት ለጋ ሴቶች ነበርን። እኔ ከደሴ፣ ጉም ለብሼ ያደግሁ የሙጋድ ሰፈር ልጅ፤ እሷ ከቢስቲማ። ከቦርከና ወንዝ ወዲህ አንዲት ክፍል ቤት በአስራ አምስት ብር ለሁለት ተከራየን። ቅዳሜ ቅዳሜ ደሴ እንወጣለን። የአውቶቡሱ ዋጋ አንድ ብር ነበር፣ ወይም አንድ ከስሙኒ፤ ረዳቱ ሲያውቀን ስሙኒዋን ይተውልናል፤ በኔ ሳይሆን በከድጃ ምክንያት። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ሹራብ እንደርባለን፣ እሁድ ስንወርድ እዚያው ጠመዝማዛው ላይ እናወልቃለን። አሁን ኮምቦልቻ መንገዱ ሰፍቶ፣ ፋብሪካው በዝቶ፣ ባጃጁ እንደ ጉንዳን ሲርመሰመስ ሳይ ያቺ ክፍል የት ጋ እንደነበረች እንኳ መለየት ያቅተኛል። ደሴ ፒያሳ መታጠፊያው ላይ ካሴት ቤት ነበረ፤ ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን በር ላይ ሰቅሎ ስለ ወሎ ልጅ ዓይን የሚያንጎራጉር ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይለቅቃል። እኛ ፊት ለፊቱ ካለው ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ሳምቡሳችንን እየገመጥን እንሰማለን። አንዱ ሳምቡሳ አስር ሳንቲም። ምስሩ ደግሞ እንደ ዛሬው ተቆጥሮ የገባ አልነበረም።

አንድ ጊዜ ከዚያው ሰፈር ከአንድ ጣቃ አበባማ ፖፕሊን ገዛን፤ ለኔም ሦስት ሜትር፣ ለሷም ሦስት ሜትር። ለአንድ ልብስ ሰፊ ሰጠን፣ አንድ ዓይነት ቀሚስ ሰፋልን። አንድ ቀን አብረን ለበስነው። መንገደኛው ሁሉ «እንዴት ያለ ቀሚስ ነው» እያለ ዓይኑን የሚጥለው እሷ ላይ ነው። ጨርቁ አንድ፣ ስፌቱ አንድ፣ የኔ ግን መጋረጃ መሰለ። ቤት ገብቼ አወለቅሁትና ዳግመኛ አልለበስኩትም፤ ቆይቶ ለእህቴ ሰጠኋት። ከድጃ «አስኩ፣ ያ ቀሚስሽ የት ሄደ?» ስትለኝ «ጠበበኝ» አልኳት። አልጠበበኝም ነበር።

ሥራችን ደም ማንበብ ነበር። በሙያው እንዲያ ነው የሚባለው፣ ማንበብ። ትኩሳት የያዘው ሰው ደጋን ወይም ሐርቡ ወይም ቢስቲማ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ጣቱን ወጋ አድርገው ጠብታ ደም ቁራጭ መስታወት ላይ ይቀቡና፣ ያችን ስላይድ ከሌሎቹ ጋር በወረቀት ጠቅልለው ይልኩልናል። የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ጋሽ ሙሄ ማክሰኞ ማክሰኞ ዞሮ ይሰበስባል። እኛ ሰማያዊውን ቀለም አልብሰን፣ አጥበን፣ አድርቀን፣ ማይክሮስኮፕ ስር እናያለን። መብራት ሲጠፋ፣ መጥፋቱ ደግሞ ብዙ ነው፣ ሁለቱን ማይክሮስኮፖች መስኮቱ ጋ አስጠግተን በግርጌያቸው ባለችው መስታወት የፀሐይ ብርሃን እየለቀምን እንሠራለን። አገልግለው የወጡትን ስላይዶች የጽዳት ሠራተኛችን እማማ የሺ በአመድና በሳሙና ያጥባሉ። የቀለሙ ሽታ ልብስ ላይ አይለቅም፤ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ጎናችን ሲቀመጥ ይሸሽ ነበር።

የምንሞላው ቅጽ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ ወባ፣ ተገኘ ወይስ አልተገኘም። ዳር ላይ «አስተያየት» የምትል የአውራ ጣት ስፋት ያላት ዓምድ አለች፤ እሷ ላይ ማንም ጽፎ አያውቅም። አንድ ደንብም ነበረን። እኔ «አልተገኘም» ካልኳቸው ከየአስሩ አንዱ ለማረጋገጫ ወደ ከድጃ ይሄዳል፤ እሷ «አልተገኘም» ካለቻቸው ከየአስሩ አንዱ ወደኔ ይመጣል። ሌሎቹ ስላይዶች ሳጥናቸው ውስጥ ለወራት ይቀመጣሉ። አንባቢዎቹ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

በዚህ ሥራ እኔ እበልጣት ነበር። ይህን ብቻ ማንም አይወስድብኝም። በቀን ስድሳ ስላይድ አነባለሁ፤ ከድጃ አርባ ከሞላች ጥሩ ቀን ነው። አንዷን ስላይድ ይዛ ትቀራለች፤ ታዞራለች፣ ትመልሳለች፣ ደብተር አውጥታ የምታየውን በእርሳስ ትስላለች። «ሰዓሊ ነሽ ወይስ ላቦራቶሪ?» እላታለሁ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ አስኩ» ትለኛለች እየሳቀች። ዘመኑ የውድድርና የስብሰባ ዘመን ነበር፤ ሥራ ያበዛ ሰው ኮከብ ሠራተኛ ተብሎ ይጨበጨብለታል። አንድ ዓመት ኮከብ እኔ ሆንኩ። ከክፍለ ሀገር በመጡ ሰዎች ፊት አለቃችን አቶ ግዛው ስሜን ጠርተው የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። በዚያው ስብሰባ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ መድኃኒት ጊዜው አልፎበት ስለተገኘ «አሻጥረኛ» ተብሎ ከመካከላችን ተይዞ ሲወሰድ አይተናል፤ ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ ጠይቆ የነገረን የለም። እኔ ሰዓቴን ታቅፌ ነበር። ከድጃ ከሁሉም በላይ ስታጨበጭብልኝ አይቼ እንኳ፣ ያ ጭብጨባዋ ከልቧ መሆኑ አናደደኝ። በሷ ቦታ ብሆን ኖሮ እኔ እንዲያ አላጨበጭብም ነበርና።

ከሽልማቱ በኋላ የመጣው ክረምት ክፉ ነበር። ሰው ከየቀዬው ተፈናቅሎ መንገድ ዳር በድንኳንና በመጋዘን ታጭቆ ነበር፤ ልብሱን የሚያጥብበት ውሃ፣ ገላውን የሚያሳርፍበት ቦታ አልነበረውም። ስላይዱ በሳጥን ሳይሆን በካርቶን ይመጣ ጀመር። በሐምሌ መግቢያ ገደማ አንድ ጠዋት ከደጋን የመጣ ስላይድ ሳነብ፣ የሠላሳ ዓመት ወንድ ይላል ቅጹ፣ በደም ህዋሳቱ መካከል ቀጫጭን ጥምዝምዝ ክሮች አየሁ። ምን እንደሆኑ አውቄያለሁ፤ ትምህርት ቤት በሥዕል ተምረነዋል። በቅማል የሚመጣው፣ ለቀቀ ሲሉት የሚመለሰው ትኩሳት ነው፤ አገሬው ግርሻ ይለዋል። ወባ ግን አይደለም። ቅጹ የጠየቀኝ ወባ ነው። «አልተገኘም» ብዬ ጽፌ ቀጣዩን አነሳሁ። የዚያን ቀን ስድሳ አንድ አነበብኩ። ከዚያም በኋላ ያንን ክር ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ደጋግሜም አልፌዋለሁ።

ሦስት አራት ሳምንት ቆይቶ፣ ከምሳ እንደተመለስን ከድጃ ከማይክሮስኮፗ ቀና ሳትል «አስኩ፣ እስቲ ነይ ይሄን እይልኝ» አለች። ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁና ሳቄ መጣ።

«ይሄንንማ እኔ ስንቴ አይቼዋለሁ» አልኳት።

«መቼ?»

«ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ።»

«የት ጻፍሽው?»

«የት ይጻፋል? የሚጠይቁን ወባ አይደል?»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ረጅም አስተያየት ነበር። ከዚያ «የትኞቹ ላይ ነው ያየሽው?» አለችኝ፤ «ማን ያስታውሰዋል» አልኳት፤ እሷም ስላይዷን ይዛ ወደ አቶ ግዛው ቢሮ ሄደች። ያን አስተያየቷን ዕድሜዬን ሙሉ ቅናት ነው ብዬ ስተረጉመው ኖሬአለሁ። ቀደምኳትና ቀናች አልኩ። ቅናትን ከኔ በላይ ማን ያውቀዋል ብዬ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በፍጥነት ሆነ። ወደየጤና ጣቢያው መድኃኒት ተላከ፣ ጋሽ ሙሄ ቀን ከቀን መኪናዋን እያስጓራ ተመላለሰ፣ ድንኳኖቹ ጋ በርሜል ተጥዶ ልብስ ተቀቀለ። ከድጃ ደግሞ ሥራ ካበቃ በኋላ መሄዷን ትታ የተቀመጡ ሳጥኖችን እየከፈተች የድሮ ስላይዶችን እንደገና ታነባለች። የሚበዛው የኔ ሳጥን ነው። ላሟ ባልዋለችበት ኩበት እየለቀመች አልኩ በሆዴ። «አግዥኝ» ብላ አልጠየቀችኝም፣ እኔም «ላግዝሽ» አላልኳትም። አንድ ክፍል ውስጥ እያደርን አፍ ለአፍ መነጋገር ተውን። አንድ የውጭ ሐኪም መጣ፣ ደብተሯን አየ፣ ሥዕሎቿን አየ፣ ከሷ ጋር ተቀምጦ ጻፈ። ዓመት ሳይሞላ የትምህርት ዕድል አግኝታ ሄደች። የሄደች ቀን አውቶቡስ ድረስ ልሸኛት ወጥቼ ነበር፤ ሻንጣዋ አዲስ መሆኑን ሳይ ራሴን አመመኝ ብዬ ከመንገድ ተመለስኩ።

ጽሑፉ በፖስታ የመጣው እሷ ከሄደች በኋላ ነው። አቶ ግዛው ቢሮ ጠረጴዛ ላይ አየሁት፤ ቀጭን፣ አብረቅራቂ፣ ኮምቦልቻ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ተጽፎበት። ስሜን ፍለጋ ዘልዬ መጨረሻው ላይ ወዳለው ምስጋና ሄድኩ። አቶ ግዛውን ታመሰግናለች። የጤና ጣቢያዎቹን ሠራተኞች ታመሰግናለች። ስላይዶቹን በጊዜ ስላደረሰ ሹፌሩን ጋሽ ሙሄን በስሙ ታመሰግናለች። ስላይዶቹን ስላጠቡ እማማ የሺን ታመሰግናለች። እኔ የለሁም። መስመሩን በጣቴ ተከትዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ የለሁም። ጽሑፉን ዘግቼ እዚያው ወርውሬው ወጣሁ፤ ሌላውን ገጽ አንብቤው አላውቅም። እማማ የሺ ስማቸው ፈረንጅ አገር መጻፉን ሰምተው ለሳምንት ፈገግ ሲሉ ከረሙ። ጋሽ ሙሄ የዚያችን ገጽ ግልባጭ አስነስቶ መኪናው ውስጥ ለጠፋት። ማክሰኞ በመጣ ቁጥር አያታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለው የኔ ታሪክ ብዙ አይደለም። ደሴ ተዛውሬ፣ በአንድ ወንበር ላይ ጡረታዬን ጠብቄ፣ ዓይኔን ለማይክሮስኮፕ ገብሬ ወጣሁ። የሷ ታሪክ ግን በየጊዜው እየመጣ ይደርሰኝ ነበር። ሬዲዮ ስከፍት እሷ፤ የሥልጠና ወረቀት ስንቀበል ግርጌው ላይ የሷ ስም፤ በኮሮና ጊዜ ቤቴ ተዘግቼ ቴሌቪዥን ብከፍት እዚያም እሷ፣ እጅ አስተጣጠብ ታስተምረኛለች። አዲስ ነገር በጻፈች ቁጥር እኔ ያንኑ አሮጌ ወሬዬን አዲስ አደርጋለሁ። በለቅሶ ቤት፣ በማኅበር፣ በሠርግ፣ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሰምቶኛል፤ «መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ»። ሹፌሩን አመስግና እኔን ረሳች ስል ሰው ከንፈሩን ይመጥልኛል። ያ ከንፈር መምጠጥ እንጀራ ሆኖኝ ኖሯል ብል አላጋነንኩም።

ሰላም መጽሔቷን ካመጣች በኋላ ንግግር አዘጋጀሁ። ዝግጅቱ ላይ ለጥያቄ ዕድል ሲሰጥ ተነስቼ፣ ማንም ሳያስቆመኝ፣ በአራት ዓረፍተ ነገር የምጨርሰው ንግግር። መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩት። በቀኑ የሀበሻ ልብሴን ለብሼ፣ ጫማዬን አስወልውዬ፣ የቤቴ በር ላይ ደርሼ ቆምኩ። ጉልበቴ ነው አልኩ ለሰላም በስልክ። ጉልበቴ አልነበረም፤ ፈራሁ። ያቺ አዳራሽ ሙሉ ሰው ከንፈሩን ባይመጥልኝስ ብዬ ፈራሁ።

በማግስቱ ወደ አራት ሰዓት ገደማ ባጃጅ በሬ ላይ ቆመ። ከድጃ ብቻዋን ወረደች። ታጅባ የምትመጣ መስሎኝ ከኋላዋ አየሁ፤ ማንም የለም። አርጅታለች። ይህን ሳይ መጀመሪያ የተሰማኝን ሰው ይፍረድብኝ፤ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ግን ቀጥ ብላ መራመዷን አየሁ።

«እንኳን ደህና መጡ ፕሮፌሰር፣ ይግቡ» አልኳት።

«ምን ነካሽ አስኩ? ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ የሆንኩት?» ብላ አቀፈችኝ። «ትናንት ዓይኔ አንቺን ሲፈልግ ዋለ። የእህትሽ ልጅ ጉልበቷን አሟታል ብትለኝ ወላሂ ዝግጅቱ አልጣመኝም። አብሽሪ፣ እዚህ ደሴ ደህና የጉልበት ሐኪም አለ፣ አገናኝሻለሁ።»

ደግነቷ እንደ ድሮው ነበር፤ እኔም እንደ ድሮዬ ነበርኩ። ሻይ ቀዳሁላት፣ ስለ ልጆቿ ጠየቅኋት፣ እማማ የሺና ጋሽ ሙሄ ማረፋቸውን ነገርኳት። ስለ ጋሽ ሙሄ ስናወራ አልቻልኩም።

«ሹፌሩን አመስግነሽ እኔን ረሳሽ» አልኳት። «ያንን ነገር መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነበርኩ ከዲ። ታውቂያለሽ።»

ሲኒዋን አስቀመጠች። «አልረሳሁሽም። ጽሑፉን አንብበሽዋል?»

«ምስጋናውን።»

«ሌላውንስ?»

«ሌላው ምን ያደርግልኛል?»

«ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ነገር አለ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ከስላይዶቹ አስራ አንዱ አስቀድሞ በአንድ አንባቢ ታይተው አልተገኘም ተብለው የተመለሱ ናቸው ይላል። እሱን ብተወው ጥናቱ ውሸት ይሆን ነበር። ያን ቀን ነይ እይ ያልኩሽ ስላይድ ከየት የመጣ መሰለሽ? ለማረጋገጫ ከደረሱኝ አንዱ ነበር፤ ካንቺ ሳጥን። አንቺ ደግሞ አየሁ አልሽኝ። ባታይው ይሻል ነበር። ያላወቀ ይማራል፤ አይቶ ያለፈ ግን ምን ይባላል?»

«ቅጹ የጠየቀኝ ወባ ነው» አልኩ።

«ቅጹ የጠየቀሽን መልሰሻል። እኔም ለራሴ እንዲያ ስል ኖሬአለሁ። የክፍለ ሀገሩ ሰዎች ግን ያኔ ስለ ስላይዶቹ የጻፍኩትን ሪፖርት ይዘው መጥተው ነበር፤ አንዱ ያ የመጋዘኑን ልጅ የወሰደው ሰውዬ ነው። ‘ይቺ አንባቢ ማን ናት?’ አለኝ። አቶ ግዛው አንገታቸውን ደፉ። እኔ ‘ለእርዳታ ከሌላ አገር መጥታ የተመለሰች ናት፣ ስሟን አላውቀውም’ አልኩት። ታዲያ ምስጋናው ላይ ስላይድ አንባቢዋን አስካለን አመሰግናለሁ ብዬ እንዴት ልጻፍ? ስምሽ የትም ወረቀት ላይ እንዳይወጣ ብዬ ነው የለቀቅሁት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያኔ ብነግርሽ ዝም ትዪ ነበር? አየሁ አየሁ እያልሽ በየቤቱ ስታወሪ እየሰማሁ ስንት ቀን ደንግጫለሁ።» ትንሽ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ተወችው። «ዘመኑ ካለፈ በኋላ ደግሞ፣ ሰዎቹን ማሰብ ትጀምራለች፣ ይከብዳታል ብዬ ተውኩት።»

ሰዎቹን። አርባ ዓመት ሙሉ ስለ ስላይዶቹ ሳወራ አንድ ቀን ስለ ሰዎቹ አስቤ አላውቅም። የሠላሳ ዓመት ወንድ፣ ደጋን። ሦስት አራት ሳምንት ቀድሜያት ነበር ስል የኖርኩት፣ ያ ሦስት አራት ሳምንት የማን እንደነበር ጠይቄ አላውቅም።

«ምን ሆኑ?» አልኳት።

«አራቱን አገኘናቸው፣ መድኃኒት ወሰዱ፣ ዳኑ። የሌሎቹን ስም ይዤ ከጋሽ ሙሄ ጋር ድንኳን ለድንኳን ዞርኩ። አንዳንዱ ወደ አገሩ ሄዷል አሉን። አንዳንዱን የሚያውቀው አልነበረም። ሄደዋል ማለት ድነዋል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። አላውቅም አስኩ። እስከ ዛሬ አላውቅም።»

ስትሄድ በር ድረስ ሸኘኋት። ለጉልበቴ ብላ ደግፋኝ ነበር፤ ሐኪሙን እንዳልረሳ አስጠነቀቀችኝ። ባጃጁ ቁልቁለቱን እስኪወርድ ቆሜ አየሁ። የሚገርመው፣ ቅናቴ አልጠፋም። በክብሯ፣ በጥናቶቿ ዝርዝር፣ ቀጥ ብላ በመራመዷ የቀናው ልቤ አሁን ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት አፏን ይዛ መኖር በመቻሏ ቀናባት። እኔ ያን ያህል ዝም የምልለት ሰው በሕይወቴ አልነበረኝም።

ወደ ማታ ሰላም መጣች። ወሬው ደርሷታል። «ፕሮፌሰሯ መጥተው ነበር አሉ። ነገሯቸው?»

«ነገርኳት።»

«ምን አሉ?»

«ታውቅ ነበር» አልኩ።

ልጅቷ ደስታዋ ፊቷን ሞላው። «አላልኩዎትም? መጽሔቱ እኮ እንደገና ሊታተም ነው፤ ነገውኑ ለአዘጋጆቹ ነግሬ መጀመሪያ ያዩት እርስዎ መሆንዎን አስጽፋለሁ» አለችኝ። ስመኘው የኖርኩት ይኸው ነበር፤ በማተሚያ ቤት ቀለም፣ ከስሟ ጎን።

«ተይው፣ እዚያ አይጻፍ» አልኳት።

ለምን እንደሆነ ያን ማታ አልነገርኳትም። እዚህ ግን ጽፌዋለሁ፤ አንብባ ከንፈሯን ትምጠጥልኝ ወይም አትምጠጥልኝ እንደ ፍቃዷ። ከድጃ በመጀመሪያው ጥናቷ ሁለተኛ ገጽ ላይ ስሟን ያልጠራቻት ያች አንባቢ እኔ ነኝ፤ አስካለ እባላለሁ። በሽታውን አይቼዋለሁ፣ አውቄዋለሁ፣ አልተገኘም ብዬ ጽፌያለሁ።